አምስተኛው ሳንቃ

የዚያ ሐሙስ ጠዋት ከሌላው ሐሙስ አይለይም ነበር። ጠጂቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሣች። ከበርሜሉ ውኃ ቀድታ ተጣጠበች፤ ከማታ የተረፈውን የበቆሎ ቂጣ በሻይ በላች፤ በሯን ቆልፋ ወደ ሥራ ወጣች። ግንቦት እያለቀ ነው። አሶሳ ውስጥ በግንቦት ማንጎ የሚገዛ ሰው ሞኝ ይባላል፤ ዛፉ ራሱ መንገድ ዳር ያድለዋልና። እሷም ሁለት አንሥታ በቦርሳዋ ከተተች። ሁለት ሰዓት ሲሆን ከሰፈራ ማስተባበሪያው ጽሕፈት ቤት ደረሰችና ከማሽኑ ክፍል ደጃፍ ጫማዋን አወለቀች። በጫማ መግባት ክልክል ነው፤ ደንቡን ያወጣችው ራሷ ናት።

ሰው ቀድሟት ገብቶ አገኘች። የዕቃ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ ጋሼ ታረቀኝ በባዶ እግራቸው ከማሽኑ ኋላ ተንበርክከው አረንጓዴ ቀለም በቢላዋ ይፍቃሉ።

"ምን እያደረጉ ነው፣ ጋሼ ታረቀኝ?"

"ኃጢአቴን እየፋቅሁ ነዋ!" አሉ ቀና ሳይሉ። "አልለቅ አለኝ እንጂ።"

"ከሥሩ የሚታይ ነገር አለ?"

"አለ፣ ቀይ ቀለም። ሁለት ጊዜ ነው የቀባሁት።"

"ከቀዩስ ሥር?"

"ከቀዩ ሥር ሞረድ አለ።" ቢላዋውን መሬት አስቀመጡና በረጅሙ ተነፈሱ። "ወይዘሮ ጠጂቱ፣ እኔን የገደለኝ ሥራ አሳምሬ መሥራቴ ነው።"

ነገሩ እንዲህ ነው። ማሽኑ ካልደር 640 ይባላል። ቁም ሣጥን የሚያህል ግራጫ ኮምፒዩተር ነው፤ ከሁለት ዓመት በፊት፣ በ1977 ሐምሌ፣ ከውጭ አገር በርዳታ መጣ። አብሮት በመጣው ወረቀት ላይ "ኮምፒዩተር፣ አንድ" ከሚል በቀር ሌላ አልተጻፈም። ሙሉ ስሙ ያለው ከጀርባው በተመታች፣ ሁለት ጣት በምትሰፋ ብረት ላይ ነበር። ጋሼ ታረቀኝ ደግሞ የመንግሥት ዕቃ ቁጥር ሳይጻፍበት እንዲያድር የሚፈቅዱ ሰው አይደሉም። ወንበሩን፣ ጠረጴዛውን፣ የውኃ በርሜሉን፣ የዘበኛውን ከዘራ እንኳ ሳይተዉ በዘይት ቀለም ቁጥር ሰጥተዋል። ማሽኑ ጋ ሲደርሱ ያችን ብረት አዩና ለቁጥር የተሠራች መሰለቻቸው። ቀለሙ አልይዝ ሲላቸው ጽሑፉ እስኪጠፋ ሞረዷት፤ ከዚያ ቀቡ፤ ደርቦ ይጽና ብለው ደገሙት። በላዩ ላይም "ሰ/ማ/አሶ/0212" ብለው በጥሩ እጅ ጻፉ። የዚያን ዓመት ንብረት ቆጣሪዎች አመስግነዋቸው ነበር።

አሁን ማሽኑ ከታመመ ሁለት ሳምንት ሆነው። አንድ ቀን ጠዋት ከሆዱ ጭስ ወጣና ዝም አለ። ኤሌክትሪኩን ለየክፍሉ የሚያካፍለው ሰሌዳ ተቃጥሏል፤ በላዩ የነበረው ጽሑፍም አብሮ ከስሏል። አዲስ አበባ ያለው ጥገና ባለሙያ ትናንት በሬዲዮ አግኝቷት ነበር።

"640 አራት ዓይነት ነው፣ እኅቴ። ልዩነቱ ከመጨረሻው ያለው ፊደል ነው" ብሏታል። "ኤ የሚለው በመቶ አሥር ቮልት የሚሠራው ነው፣ የእናንተ አይደለም። ቢ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው አጭሩ ነው፣ እሱም አይደለም። የቀሩት ሲና ዲ ናቸው። እነሱ መንትያ ናቸው፤ ከውጭ ብታያቸው አትለያቸውም፣ መጽሐፋቸውም አንድ ነው። ሰሌዳቸው ግን ይለያያል። የአንዱን ለሌላው ከሰካሽ እውነተኛ ቁም ሣጥን ይሆንልሻል፤ ልብስሽን ትሰቅይበታለሽ። አውሮፕላኑ ነገ ጧት ሳይሆን ከነገ ወዲያ ጧት ነው፤ ነገ አምስት ሰዓት ላይ ፊደሉን ንገሪኝ።"

ያ ነገ ዛሬ ነው።

"የገቢ ቅጹ ላይስ ምን ብለው ነበር የጻፉት?" አለች ጠጂቱ።

ታረቀኝ ከኪሳቸው የታጠፈ ወረቀት አወጡ። አስቀድመው አስበውበታል። "ሞዴል አሥራ ዘጠኝ" አሉና እንደ ዲያቆን ድምፃቸውን አስተካክለው አነበቡ፤ "ኮምፒዩተር። መልኩ ግራጫ። ቁም ሣጥን አከል። በሩ በቀኝ የሚከፈት። ጭረት የሌለው። ብዛት አንድ።"

"ጭረት የሌለው" አለች ጠጂቱ።

"ያኔ አልነበረውማ!"

ሁለቱም ሳቁ፤ ሳቃቸው ሳያልቅ አንዲት ሴት በበሩ ብቅ አለች። የሺሀረግ ናት። ሐሙስ ሐሙስ ከሰፋሪዎች መንደር፣ ከአምባ አሥራ አራት፣ የሁለት ሰዓት መንገድ በእግሯ ትመጣለች። ከወሎ በሰፈራ ስትመጣ፣ ከመጠለያው መኪና ላይ በተጫኑበት ቀን፣ ባሏ የሻው ውኃ ሊቀዳ ወረደ፤ መኪናው አልጠበቀውም። እሱ በኋለኛው መኪና መጫኑን የነገሯት አሉ፤ ወዴት እንደሆነ የነገራት ግን የለም። እንደሷ ያሉ ብዙ ናቸው። የአሶሳ ሰፋሪዎችን ስም ጠጂቱ ሁለት ዓመት ሙሉ ከማሽኑ አስገብታለች፤ የፓዌ ሰፋሪዎች ስም ያለበት ቴፕ ደግሞ ከአዲስ አበባ ተልኮላት ጠረጴዛዋ ላይ ተቀምጧል። ማሽኑ ሁለቱን ዝርዝር ቢያመሳክር ማን የት እንዳለ ይታወቃል። የሚገናኙትን የሚወስዱት መኪናዎች ሰኔ አምስት ይነሣሉ፤ ከዚያ ክረምቱ መንገዱን ይዘጋዋል፤ እስከ ጥቅምት መሄድም መምጣትም የለም።

"እንዴት አደራችሁ? በሽተኛው ተሻለው?" አለች የሺሀረግ፤ ጫማ የላትምና ደንቡ አላስቸገራትም።

"አልተሻለውም፣ የሺ" አሉ ታረቀኝ።

"ጠበል ውሰዱታ።"

"ከውኃ ጋር አይስማማም።"

"እንግዲያ እንደኔው የሻው ነው በለኛ፣ አያ ታረቀኝ! እሱም ከውኃ አይስማማም። አንድ ቀን ውኃ ልቅዳ አለ፣ ይኸው ቀረ።" ሳቀች። ከዚያ ማንጎ ያለበትን ፌስታሏን አስቀመጠችና ጠጂቱን አየቻት። "እውነቱን ንገሪኝ፣ ወይዘሮ ጠጂቱ። ከክረምት በፊት ይደርሳል?"

"ዛሬ አምስት ሰዓት ላይ እናውቃለን።"

"እዚሁ ደጅ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ። እግሬም ማረፍ ይፈልጋል።"

ስትወጣ ታረቀኝ ዝቅ ባለ ድምፅ "ዕጣ ብንጥልስ?" አሉ። "ሲና ዲ ብለን ጽፈን በቆብ። ከሁለት አንዱ ነው እኮ። የግሸን ማርያም አታሳፍረኝም።"

"ካሳፈረችዎትስ?"

ታረቀኝ ቆባቸውን መልሰው አደረጉ። ድንገት ጭናቸውን መቱ። "ሣጥኑ! የመጣበት ሣጥን ላይ ስሙ ተጽፎ ነበር እኮ!"

እውነት ነው። ማሽኑ የመጣበት የእንጨት ሣጥን ፊት ለፊቱ አምስት ቋሚ ሳንቃዎች ነበሩት፤ በያንዳንዱ ሳንቃ ላይ ክንድ የሚያህል አንድ አንድ ምልክት በጥቁር ተጽፏል። ስድስት፣ አራት፣ ዜሮ፣ ሰረዝ፣ ከዚያ ፊደሉ። እንዲህ ያለ ትርፍ እንጨት ሲገኝ ሠራተኛውና ጎረቤቱ ዕጣ ይጥልበታል፤ አሶሳ ውስጥ ደረቅ ሳንቃ ማግኘት ዘመድ ከማግኘት ይከብዳል። አራት ሰዎች አራቱን ወሰዱ፤ አምስተኛው ለግምጃ ቤቱ መደርደሪያ ይሁን ተብሎ ቀረ።

"አንዱ የጣሂራ ነው፣ አንዱ የባሏ የዐወድ" ታረቀኝ በጣታቸው ቆጠሩ። "አንዱ የሾፌሩ የዲሳሳ። አንዱ የአናጢው የሞቱማ። ፊደሉ ከነዚህ በአንዱ አይጠፋም።"

"አምስተኛውስ?"

"አምስተኛውን ምስጥ በልቶታል" አሉ ፈጠን ብለው። "እንሂድ፣ ሰዓቱ ሄደ።"

ጠጂቱ ምስጥ እንዳልበላው ታውቃለች። የት እንዳለም ታውቃለች። ግን አላረመቻቸውም። ጫማዋን አጥልቃ ተከተለቻቸው፤ ፊደሉ ከአራቱ በአንዱ ላይ ይገኛል ብላ ራሷን አሳመነች።

የጣሂራ ሻይ ቤት ከገበያው አፍ ላይ ነው። ጣሂራ የበርታ ሴት ናት፤ ባሏ ዐወድ የጽሕፈት ቤቱ ዘበኛ ነው። ሁለቱን ሳንቃ ገጥመው ረጅም አግዳሚ አሠርተውበታል፤ በዚያ ሰዓት አራት ሰው ተደርድሮበት ሻይ ይጠጣል።

"ጠጂቱ፣ ግባ፣ ግባ!" አለች ጣሂራ። አማርኛዋ ወንድና ሴት አይለይም፤ ሹመትም አይለይም። "አንተ ዛሬ ሻይ አልጠጣህም። ታረቀኝም ግባ።"

"ለሻይ አይደለም፣ ጣሂራ። አግዳሚሽን ለማየት ነው" አሉ ታረቀኝ።

"አግዳሚ ለመቀመጥ ነው፣ ወላሂ፣ ለማየት አይደለም።" ቢሆንም ወደ ደንበኞቿ ዞረች። "ተነሣ፣ ሁላችሁ ተነሣ! መንግሥት መጥቶ ወንበር ማየት ይፈልጋል።"

ሰዎቹ ብርጭቋቸውን እንደያዙ ተነሡ። ታረቀኝ ጎንበስ ብለው አዩና ክው አሉ።

"ዘጠና አራት ይላል! ዘጠኝ ከየት መጣ? የኛ ማሽን ዘጠኝ የለውም! ወይዘሮ ጠጂቱ፣ የሌላ ማሽን ሣጥን ነው እንዴ የሰጠኋቸው?"

ጠጂቱ በዚያኛው ጎን ዞራ ቆመች። "ስድስት ነው። ተዘቅዝቆ ተመትቶ ነው።"

"አይ፣ ዘጠኝ ነው" አለች ጣሂራ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ። "ሰው ሁሉ ቤት ዘጠና አራት ይላል። ከኩርሙክ ነጋዴ ይመጣል፣ 'ዘጠና አራት የት ነው' ብሎ ይጠይቃል፣ እዚህ ይገባል፣ ይጠጣል። አሁን አንተ ስድስት ካልክ ነጋዴው ይጠፋል። ኸላስ፣ አለቀ፣ ዘጠኝ ነው።"

"ዘጠኝ ይሁንልሽ" አለች ጠጂቱ።

"አልሐምዱሊላህ። ተቀመጡ፣ ተቀመጡ! መንግሥት ጨረሰ።"

ስድስትና አራት ተገኙ። ወደ ዲሳሳ ቤት ሲሄዱ ታረቀኝ መንገዱን ሙሉ በራሳቸው ሲስቁ ነበር። "ዘጠና አራት! ይኼኔ ቆጣሪ ቢመጣ የትኛውን ቁጥር ልጻፍለት ነው?"

ዲሳሳ ጭነት ይዞ ወጥቷል፤ ሚስቱ ብሪቱ ግቢውን ስትጠርግ አገኟት። የመጡበትን ሲነግሯት መጥረጊያዋን እንደያዘች ወደ ዶሮ ቤቱ መራቻቸው። የዶሮ ቤቱ ፊት ያ ሳንቃ ነው፤ ግን መሐሉ ክብ ቀዳዳ ሆኗል፤ በቀዳዳውም አንዲት ቀይ ዶሮ አንገቷን አውጥታ አየቻቸው።

"የተጻፈው የታል?" አሉ ታረቀኝ።

"ዲሳሳ የዶሮ መግቢያ ሊቀድ ክብ መሥመር ፈልጎ፣ ተሠርቶ አገኘው" አለች ብሪቱ። "ሰዎቹ አስበውልናል አለና በላዩ ላይ በመጋዝ ሄደበት። ልክ ነው፤ ዶሮዋ ወፍራ እንኳ ትገባለች።"

"ዜሮ ነበር ማለት ነው።"

"ዜሮ ነው እንዴ? እኔስ የዶሮ በር መስሎኝ ነበር። ውጭ አገር ሰው ይህንንም ያስባል ብዬ ስገረም ነበር።"

ሦስት ተገኙ። ጠጂቱ ሰዓቷን አየች፤ አራት ሰዓት ከአሥር ሆኗል። የቀረው የሞቱማ ነው። እስከዚያ ድረስ ከታረቀኝ እኩል ስትስቅ የነበረችው ሴት፣ ወደ ባምባሲ በሚወስደው መንገድ ሲታጠፉ እርምጃዋ ቀነሰ። ያን ሠፈር ከረገጠች ሁለት ዓመት ሊሆናት ነው። ገበያ ስትሄድ እንኳ በላይኛው መንገድ ዞራ ነው።

ሞቱማ ከሥራ ቤቱ ፊት አልጋ ይልጋል። የመንዲ ሰው ነው፤ እጁ ትልቅ፣ ድምፁ ትልቅ። ጠጂቱን ሲያያት መላጊያውን አስቀመጠ፤ እጁን በሱሪው ጠርጎ በሁለት እጁ ጨበጣት።

"አዴ ጠጂቱ፣ አካም ጅርታ? ደኅና ነሽ? ምነው ጠፋሽ!"

"ሥራ በዛ፣ ሞቱማ።"

"ሞቱማ፣ የዕጣ ሳንቃህን አምጣ" ታረቀኝ ጣልቃ ገቡ። ሞቱማ ሳቀና በሚሠራበት ጠረጴዛ ላይ የተጫነውን የመጋዝ ዱቄት በክንዱ ጠረገው። ሳንቃው ጠረጴዛው ራሱ ነው። መሐሉ ላይ አንድ ጥቁር መሥመር አለ፤ ሌላ የለውም። ሰረዝ።

ታረቀኝ ሳንቃውን እንደገና ዳሰሱት፤ ከሥሩም አጎንብሰው አዩ። ከዚያ ቀና ብለው ጠጂቱን ሳይሆን መንገዱን ማየት ጀመሩ።

"ምንድን ነው የምትፈልጉት?" አለ ሞቱማ።

"በመጨረሻው ሳንቃ ላይ የነበረውን የፈረንጅ ፊደል" አሉ ታረቀኝ ቀስ ብለው። "ሰሌዳ ለማስመጣት ነው። ዛሬ ካልታወቀ ዝርዝሩ ለክረምት አይደርስም።"

"እሱን እኔ አውቀዋለሁ! ግማሽ ጨረቃ ነው።" ሞቱማ በጣቱ አየር ላይ ሣለ። "በእጄ ስንቴ አገላበጥሁት። ግማሽ ጨረቃ።"

"ጀርባዋ ክፍት ነው ወይስ በቀጥታ መሥመር የተዘጋ?" አሉ ታረቀኝ።

የሞቱማ ጣት በአየር ላይ ቀረ። አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ ሣለ። "ዋቆ! እንጃ። ጨረቃዋን ነው ያየሁት። ፊደል አልተማርኩም፣ እንጨት ነው የተማርኩት። ጽሑፉን በውስጥ በኩል ያደረግሁት፣ በውጭ አያምርም ብዬ…" አለና ቆመ። ጠጂቱን አየ። አንገቱን ደፋና መላጊያውን አነሣ፤ ጠረጴዛው ላይ ግን የሚላግ ነገር አልነበረም።

የጠጂቱ ባል ኢተፋ የእርሻ ባለሙያ ነበር። ማሽኑ በመጣ በወሩ፣ ነሐሴ ውስጥ፣ ወባ ያዘው፤ በአራተኛው ቀን ሞተ። ክረምት ነበር፤ መንገዱ ተዘግቷል፤ በከተማው ደረቅ እንጨት አልነበረም። ሞቱማ ከዚህም ከዚያም ለቃቅሞ የቀብር ሣጥኑን ሠራ፤ ለክዳኑ አንድ ሳንቃ ጎደለውና ከአንድ ቦታ አምጥቶ ሞላው። ጠጂቱ ከየት እንዳመጣው አልጠየቀችም። ያን ቀን ብዙ ነገር አልጠየቀችም። ክዳኑ ግን ከመዘጋቱ በፊት ለረጅም ሰዓት ግድግዳ ተደግፎ ፊት ለፊቷ ቆሞ ነበር። ሰዎች ይዘምራሉ፤ እናቱ ታለቅሳለች፤ እሷ ክዳኑን ታያለች። ከዚያ ወዲህ ያን ክዳን አስባው አታውቅም። ሐሳቧ ወደዚያ ሲሄድ ስም ማስገባት ትጀምራለች፤ አምባ አንድ፣ አምባ ሁለት፣ አምባ ሦስት። ሰዎች እንዴት ያን ሁሉ ሺህ ስም ብቻዋን አስገባች ብለው ይደነቁባታል።

አሁን ከሞቱማ ጠረጴዛ አጠገብ ቆመችና ዓይኗን ጨፈነች። ሐሳቧን አልመለሰችውም፤ እንዲሄድ ተወችው። ግድግዳው መጣ። ክዳኑ መጣ። ከዳር ያለው ሳንቃ ከሌሎቹ ነጣ ያለ ነበር፤ በላዩ ጥቁር ቀለም አለ። አንድ ቀጥ ያለ ቋሚ መሥመር። ከእሱ የተገጠመ ሆድ። በቋሚው ላይ ምስማር ገብቶበታል፤ ምስማሩን ታስታውሰዋለች፤ ያመዋል ብላ አስባ ነበር።

ዓይኗን ገለጠች።

"አምስት ሰዓት ሊሆን ነው" አለች። "ሬዲዮ ክፍል እንሂድ፣ ጋሼ ታረቀኝ።"

"ምን ልንል?"

"እኔ እናገራለሁ።"

ሞቱማ እስከ መንገዱ ሸኛት። ስትለየው በቦርሳዋ የነበሩትን ሁለት ማንጎዎች ሰጠችው።

በሬዲዮው ክፍል ጠጂቱ ማነጋገሪያውን ተቀበለች። ከአዲስ አበባ የባለሙያው ድምፅ እየተቆራረጠ መጣ።

"ተገኘ ወይ? ይቀጥሉ።"

"ካልደር 640-ዲ ነው። ይቀጥሉ።"

"ዲ? ዲ እንደ ድንጋይ?"

"ዲ እንደ ድንጋይ።"

"እርግጠኛ ነሽ፣ እኅቴ? ብትሳሳቺ ማሽን የለሽም። ከየት አገኘሽው?"

ታረቀኝ መሬት መሬት ያያሉ። ጠጂቱ ማነጋገሪያውን ወደ አፏ አስጠጋች።

"በዓይኔ አይቼዋለሁ። ይላኩ።"

ሰሌዳው ዓርብ ጠዋት በአውሮፕላን ደረሰ። ቅዳሜ ጄኔሬተሩ ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ተነሣ፤ ጠጂቱም በባዶ እግሯ ሰሌዳውን ሰካችው። በሩ ላይ ሰው ተሰብስቧል። የሺሀረግ ሐሙስ ወደ አምባዋ አልተመለሰችም፤ ከጣሂራ ዘንድ አድራ ነው የመጣችው፤ ጣሂራም ሻይዋን ለዐወድ ትታ ተከትላታለች። ታረቀኝ በአንድ እጃቸው የአሸዋ ባልዲ ይዘዋል፤ በሌላው ያማትባሉ። ባልዲውም ቁጥር አለው።

ጠጂቱ ጣቷን ማብሪያው ላይ አደረገች። የሁለት ዓመት ሥራዋ በዚያ ማሽን ሆድ ውስጥ ነው። በሩ ላይ የቆመችው ሴት ባልም። ምስማሩን አሰበች። ተጫነች።

በመጀመሪያ ምንም አልሆነም። ከዚያ ከውስጡ ነፋስ መንፈስ ጀመረ፤ አንድ አረንጓዴ መብራት በራ፤ ቀጥሎ ሦስቱ ተከታትለው በሩ። ጭስ የለም። ታረቀኝ ባልዲውን እግራቸው ላይ ጣሉት፤ እልልታውን የጀመረችው ጣሂራ ናት።

ከቀትር በፊት ማተሚያው እየተንቀጫቀጨ ወረቀት ማውጣት ያዘ። ሁለቱ ዝርዝሮች ተመሳከሩ፤ ስልሳ አንድ ቤተሰብ ተገኘ። ጠጂቱ በጣቷ ወረደችና ሠላሳ አራተኛው ላይ ቆመች።

"የሺሀረግ፣ ነይ። የሻው ይመር፣ የትውልድ ቦታ አምባሰል፣ ሚስት የሺሀረግ። ፓዌ፣ መንደር ሰባት።"

የሺሀረግ ወረቀቱን በመዳፏ ነካችው፤ ማንበብ አትችልም፤ ግን ሠላሳ አራተኛው መሥመር ላይ እጇን እንደጫነች ቆየች። ከዚያ ዓይኗን በነጠላዋ ጠራርጋ ቀና አለች።

"ሌላ ሚስት አግብቷል ወይ? ይጽፋል?"

"እሱን አይጽፍም።"

"እንግዲያ ማሽናችሁ ገና ይቀረዋል!" አለች፤ ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። "ግድ የለም፣ አግብቶም ከሆነ ሄጄ ራሴ አያለሁ። ሰኔ አምስት አይደል? አያ ታረቀኝ፣ መኪናው ሲነሣ ውኃ የሚቀዳ ሰው እንዳታወርዱ!"

ከሰዓት በኋላ ጸጥ ሲል ጠጂቱ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤቱ ሄደች። ታረቀኝ እግራቸውን በጨርቅ ጠምጥመው፣ ተቀምጠው፣ በትንሽ ቆርቆሮ ላይ "ካልደር 640-ዲ" ብለው በጥሩ እጃቸው ይጽፋሉ።

"ጋሼ ታረቀኝ፣ አምስተኛውን ሳንቃ ምስጥ አልበላውም።"

ብሩሹ ቆመ። "ዐውቃለሁ" አሉ። "ራሴ ነኝ ያወጣሁት። ዝናብ ነበር፤ ሞቱማ ከዚህ በር ላይ ቆመ፤ ለማን እንደሆነ ነገረኝ። ቅጽ ልሙላ ብል እጄ እምቢ አለኝ። ከዚህ ቤት ያለ ቅጽ የወጣ ዕቃ እሱ ብቻ ነው።"

"ቆጣሪዎቹስ?"

"በመጡ ቁጥር ምስጥ እላለሁ። አንዱማ፣ 'ከዚህ ሁሉ እንጨት አንድ ሳንቃ ብቻ መርጦ የበላ ምስጥ የት ነው የተማረው?' አለኝ።"

ጠጂቱ ሳቀች። ሳቋ እስኪያልቅ ቆየችና "ታዲያ ሐሙስ ዕለት ለምን ከተማውን ሙሉ አዞሩኝ?" አለች።

"በሌላኛው ላይ ይገኛል ብዬ ነዋ። ፊደሉን የቱ ሳንቃ እንደያዘ በውል አላስታውስም ነበር። ደግሞ እርስዎ ዝም አሉ። እርስዎ ዝም ካሉ እኔ ምን ብዬ አፌን ልክፈት?"

ውጭ አንድ ሰው ማንጎ ሲያራግፍ ይሰማል። ጠጂቱ በርጩማ ስባ ከጠረጴዛው ፊት ተቀመጠች።

"የወጪ ቅጹን ያውጡ። ሞዴል ሃያ ሁለቱን።"

"ለምኑ?"

"ለሳንቃው። በስሜ ይጻፉት።"

"ይቅር፣ ወይዘሮ ጠጂቱ። እኔ እንደሆን ምስጡን ለምጄዋለሁ።"

"አይ፣ ይጻፉት።"

ታረቀኝ አላቂ ዕቃ ከሚያኖሩበት መሳቢያ ቅጹን አወጡ፤ ካርቦኑን በመሐል አደረጉ፤ መጻፍ ጀመሩ። ሳንቃ። የሣጥን። ዲ የሚል ምልክት ያለበት። ብዛት አንድ። ተረካቢ፣ ወይዘሮ ጠጂቱ። "የተፈለገበት ምክንያት" ከሚለው ሲደርሱ እስክሪብቷቸው ቆመ። ጠጂቱ እጇን ዘረጋችና እስክሪብቶውን ከእጃቸው ወሰደች። "ለባለቤቴ" ብላ ጻፈች። ፈረመች።

ከዚያ ቀን ወዲህ ከዕቃ ግምጃ ቤቱ የሚጎድል ነገር የለም። ከጠጂቱ ቤት ኢተፋ ይጎድላል።